ጋባ ጋቢ አይደለም

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። ጽሑፉ ጋባ የተባለው ኬሚካል የአንጎላችን ጋቢ ነው ይላል። ከሥሩ «ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጽፋበታለች። የሰባት ዓመት ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት። ፌኖባርቢታል መውሰድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እሷ ግን መልሴን እንኳ ሳትጠብቅ አሜሪካ ላለው ወንድሟ ደውላ የጋባ ካፕሱል እንዲልክላት ነግራዋለች።

እኔ የሕክምና ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። መጀመሪያ በድምፅ መልእክት ልመልስላት ሞከርኩ። አራተኛው መልእክት ላይ ስደርስ ነገሩ በዚህ እንደማያልቅ ገባኝ። ጽሑፉን ለእሷ ያደረሳት ሰው ለስንቱ እንዳደረሰው ደግሞ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ሁለት የነርቭ ሴሎች የሚነጋገሩበት ጠባብ ቦታ ሲናፕስ ይባላል። አንዳንዱ ሲናፕስ ተቀባዩን ሴል ይቀሰቅሰዋል። ይህ ቀስቃሽ ነው። ሌላው ደግሞ ያዝ ያደርገዋል። ይህ ገቺ ነው። ቀስቃሾቹ ባብዛኛው ግሉታሜት በሚባል ኬሚካል ይሠራሉ፤ የአንጎል ገቺዎች ደግሞ በዋናነት በጋባ። እስከዚህ እኔና ጸሐፊው አንድ ነን። ከዚህ በኋላ ግን ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ገቺ ሲናፕስ የደከመ ቀስቃሽ ነው፤ አፈጣጠሩም ከቀስቃሹ አይለይም፤ ልጅ ሲወለድ ሁሉም ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ጋባ ከጽንስ ጀምሮ ያረጋጋል፤ ኦቲዝም የገቺ ሲናፕስ እጥረት ነው፤ የጎደለውን ካፕሱል ይሞላዋል። በመጨረሻዋ አንቀጽ ደግሞ እንደ ፌኖባርቢታል ያለውን መድኃኒት በተፈጥሯዊው ጋባ መተካት ይቻላል ይላሉ።

ለማንበብ ይጥማል። ጋባና ጋቢን ማገናኘታቸውንም ወድጄላቸዋለሁ። ቀልዱን ክፍል ውስጥ ያልተጠቀምኩበት ተማሪዎቼ ስለቀደሙኝ ብቻ ነው። ችግሩ ጋቢ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከላይ የሚደረብ ነገር መሆኑ ነው። ገቺ ሲናፕስ እዚያው አንጎሉ ውስጥ፣ ድርና ማጉ ጋር አብሮ የሚሸመን ነው።

ደክሟል ከሚለው ልጀምር። ይህ ሐሳብ ድሮም ነበር። በ1845 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቬበር የተባሉ ጀርመናዊ ወንድማማቾች ወደ ልብ የሚሄደውን ቬገስ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱት ልብ መምታቱን ቀነሰ፣ ቆመም። አንድ ነርቭ ሥራ ሲጀምር ሌላ አካል ሥራ ማቆሙ በጊዜው ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። በኋላ እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን መግታት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን በጡንቻዎች ላይ አሳዩ። የቡና ሲኒ ወደ አፍዎ ሲያስጠጉ ክንድዎን የሚያጥፈው ጡንቻ ይኮማተራል። በዚያው ቅጽበት ክንድ የሚዘረጋው ጡንቻ እንዲላላ ይደረጋል። እንዲላላ የሚያደርገው ደግሞ ገቺ ሲናፕስ ነው። ያ ባይኖር ቡናው ደረትዎ ላይ ነበር።

ጆን ኤክልስ የሚባሉት አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ታሪክ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። እኚህ ሰው ሲናፕስ የሚሠራው በኤሌክትሪክ እንጂ በኬሚካል አይደለም ብለው ለዓመታት ተሟግተዋል። በ1951 ኒውዚላንድ ውስጥ የድመት ህብለ ሰረሰር ሴል ውስጥ ቀጭን የመስታወት መርፌ አስገብተው ለኩ። ገቺው መልእክት ሲደርስ የሴሉ ቮልቴጅ ከነበረበት ወደ ታች ወረደ። የእሳቸው ሐሳብ የሚተነብየው ግን ተቃራኒውን ነበር። ተሸነፍኩ አሉና ወደ ኬሚካሉ ወገን ገቡ። በ1963 ኖቤል ተሸለሙ። እንግዲህ ያ የወረደ ቮልቴጅ የድካም ምልክት አይደለም። የደከመ ሲናፕስ ቮልቴጁን ባለበት ይተወዋል እንጂ ወደ ታች አይጎትተውም።

መግታት ድካም ቢሆን ኖሮ መግቻው ሲጠፋ ሰው በበረታ ነበር። የሚሆነውን ማየት ለሚፈልግ ቴታነስ አለ፤ መንጋጋ ቆልፍ የምንለው። የባክቴሪያው መርዝ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ክር ውስጥ ወደ ህብለ ሰረሰር ይጓዛል። እዚያ ወደ ገቺዎቹ ሴሎች ይሻገርና ጋባና ግላይሲን (ሌላው ገቺ ኬሚካል) እንዲለቀቁ የሚያደርገውን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ጡንቻው ደህና ነው። ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭም አለ። የጠፋው መግቻው ብቻ ነው። መንጋጋው ይቆለፋል፣ ጀርባው እንደ ደጋን ይለመጣል፣ በር ሲንኳኳ እንኳ መላ አካሉ ይገታተራል። አእምሮው ግን ንቁ ነው። ይህን በሽታ ከተማሩ በኋላ ገቺ ሲናፕስ ደካማ ነው የሚል ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ወደ አፈጣጠሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ጉዳዩ የሚጣፍጠው እዚህ ነው። ጸሐፊው ሁለቱም ሲናፕሶች በአንድ መንገድ ይፈጠራሉ፣ የሚለያዩት በኬሚካሉ ብቻ ነው ይላሉ።

ሴሎቹ ራሳቸው አገራቸው ይለያያል። የአንጎል ቅርፊት ቀስቃሽ ሴሎች የሚወለዱት እዚያው ከሥሩ ነው። ከተወለዱ በኋላ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ገቺዎቹ ግን የሚወለዱት ሩቅ፣ ከጽንሱ አንጎል ወለል በኩል ባሉ ጋንግሊዮኒክ ኤሚነንስ በሚባሉ እብጠቶች ውስጥ ነው። ከዚያ በጎን እየተሳቡ፣ መንገድ እየፈለጉ ወደ ቅርፊቱ ይደርሳሉ። በ1997 የጆን ሩበንስታይን ቡድን ዲኤልኤክስ የተባሉ ሁለት ጂኖች በጠፉባቸው አይጦች ይህንን አሳይቷል። ጉዞው ሲስተጓጎል የቅርፊቱ ገቺ ሴሎች ክፉኛ ቀነሱ። በጤነኛ አይጥም ቢሆን መድረስ ብቻውን አይበቃም። ከደረሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከልደት በኋላ ባሉት ሳምንታት ይሞታሉ። የቀሩት ከቅርፊቱ ሴሎች አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናሉ። ይህቺን ቁጥር ጸሐፊው በትክክል አስቀምጠዋታል፤ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

የሚቀመጡበትም ቦታ አንድ አይደለም። ቀስቃሽ ሲናፕስ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ከሴሉ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ቡቃያ ብቅ ባለች ጉብታ ላይ ነው። ገቺው ባብዛኛው ቅርንጫፉ ግንድ ላይ ወይም የሴሉ ገላ ላይ ይለጠፋል። አንዳንዱ ደግሞ ሴሉ መልእክቱን መላክ የሚጀምርበት የአክሰን (የመላኪያ ክሩ) ሥር ላይ። በ1959 ኤድዋርድ ግሬይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ሁለት ዓይነት ሲናፕስ አገኙ። አንደኛው በተቀባዩ በኩል ወፍራም ነው፤ ሌላኛው ሁለቱም ጎኑ ተመጣጣኝ ነው። ሁለተኛው ገቺው መሆኑ በኋላ ታወቀ። ኬሚካሉን ሳያውቁ በዓይን ብቻ መለየት ይቻላል ማለት ነው።

የመተዋወቂያው መንገድም ለየቅል ነው። ቀስቃሽ ሲናፕስ ሲፈጠር ብዙ ጊዜ ከቅርንጫፉ ቀጭን ጣት የመሰለ ነገር ይወጣና አጠገቡ ያለውን ክር ይዳስሳል። ሙኒክ አጠገብ በሚገኝ የማክስ ፕላንክ ተቋም የሠሩ ተመራማሪዎች በ2008 ገቺዎቹን በሕይወት እያሉ ተከታተሏቸው። ጣት የሚባል ነገር የለም። ገቺው ክርና ቅርንጫፉ አስቀድመው በሚነካኩበት ቦታ ላይ፣ ክሩ እዚያው ያብጥና ሲናፕስ ይሆናል። ለዓመታት በአንድ ደጃፍ ሲተላለፉ የኖሩ ጎረቤቶች አንድ ቀን ቆም ብለው ማውራት እንደሚጀምሩት።

ማጣበቂያዎቹን ደግሞ እንይ። ከላኪው ሴል በኩል ኒውሬክሲን፣ ከተቀባዩ በኩል ኒውሮሊጂን የሚባሉ ፕሮቲኖች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። በ2000 የታተመ አንድ ሙከራ አለ፤ ሁሌም ይገርመኛል። ተመራማሪዎቹ ኒውሮሊጂንን የኩላሊት ሴል ላይ እንዲወጣ አደረጉ። ከጎኑ የነበሩት ነርቮች ኩላሊቱ ላይ የመልእክት መላኪያ ጫፍ ሠሩበት! ለመጀመር ያን ያህል የምትበቃ አንዲት ፕሮቲን ናት። ታዲያ ኒውሮሊጂን አንድ ዓይነት አይደለም። ቁጥር አንዱ የሚገኘው በቀስቃሾቹ ዘንድ፣ ቁጥር ሁለቱ በገቺዎቹ ዘንድ ነው። ቁጥር ሁለት ጌፊሪን የተባለውን ፕሮቲን ይጠራል። ስሙ ከግሪክኛ ድልድይ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ጌፊሪን ከሴሉ ሽፋን ሥር እንደ ርብራብ ተዘርግቶ የጋባና የግላይሲን ተቀባዮችን (ኬሚካሎቹ የሚያርፉባቸውን ፕሮቲኖች) ከቦታቸው እንዳይንሸራተቱ ይይዛቸዋል። ቀስቃሹ ሲናፕስ ይህ ርብራብ የለውም። የራሱ ሌላ አለው።

በ2009 ደግሞ ቁጥር ሁለቱን ያጡ አይጦች ሲመረመሩ በሴሉ ገላ ዙሪያ ያሉት ገቺ ሲናፕሶች ተበላሹ። ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ግን ብዙም አልተነኩም። ልብ በሉ፤ ገቺዎቹ እርስ በርሳቸው እንኳ በአንድ መንገድ አይሠሩም።

አድራሻውስ? ሴሬቤለም በሚባለው የአንጎል ክፍል ቅርጫት ሴሎች የሚባሉ ገቺዎች አሉ። የፐርኪንየ ሴልን የአክሰን ሥር እየፈለጉ ይጠመጠሙበታል። መንገዱን የሚያሳያቸው ኒውሮፋሲን የተባለ ፕሮቲን ነው። እሱን በቦታው የሚያስረው ደግሞ አንኪሪን ጂ ነው። በ2004 በአይጥ ላይ እንደታየው አንኪሪን ሲጠፋ ኒውሮፋሲን ይበተናል፤ ገቺው ክርም እሱን ተከትሎ ከቦታው ይስታል። በተሳሳተ የቤት ቁጥር እንደሄደ እንግዳ።

እንግዲህ የትውልድ ቦታው ሌላ፣ መቀመጫው ሌላ፣ አተዋወቁ ሌላ፣ ማጣበቂያው ሌላ። ልዩነቱ ኬሚካሉ ብቻ ነው ማለት እንጀራና ዳቦ የሚለያዩት በዱቄቱ ብቻ ነው እንደማለት ነው። እርሾውስ? ምጣዱስ?

ልጅ ሲወለድ ሁሉም አልቋል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2016 የወጣ ጥናት በሰው ሕፃናት አንጎል ውስጥ ወጣት ገቺ ሴሎች ከልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ገና ወደ ፊተኛው አንጎል ሲጓዙ አሳይቷል። በመንገድ ላይ ያለ ሴል እንዴት ብሎ ሲናፕሱን ይጨርሳል? ከዚያም በላይ የገቺዎቹ መብሰል ለልጅነት ትምህርት ሰዓት ይሞላል። ታካዎ ሄንሽና ባልደረቦቹ በ1998 ጋባ ከሚሠሩት ሁለት ኢንዛይሞች አንዱ የጎደላቸውን አይጦች ወሰዱ። በጤነኛ ግልገል አይጥ አንድ ዓይን ለጥቂት ቀናት ሲሸፈን አንጎሉ ወደ ሌላኛው ዓይን ያደላል። እነዚህ ግን ምንም አልተለወጡም። የጋባን ሥራ የሚያጠነክረው ዲያዜፓም የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው ለውጡ መጣ። የሚገርመው መግቻው ሲጠነክር ነው አንጎሉ መማር የጀመረው። በአዋቂ አይጥም ቢሆን ሥራው አያልቅም። ገቺ ሲናፕስ ይፈርስና እዚያው በነበረበት ቦታ ተመልሶ ሲሠራ ታይቷል።

ጋባ ሁልጊዜ ያረጋጋል የሚለው ላይ ጸሐፊውን ብዙ አልወቅስም። የእኔም አስተማሪ እንዲሁ ብሎ ነው ያስተማረኝ። በ1989 ይሔዝቅኤል ቤን አሪ ፈረንሳይ ውስጥ ገና የተወለዱ አይጦችን ሲያጠኑ ጋባ ሴሎቹን ሲቀሰቅስ አገኙ። ሚስጥሩ ክሎራይድ ነው፤ ከጨው የምናውቀው። ጋባ የሚከፍተው በር ክሎራይድን ያሳልፋል። በአዋቂ ሴል ውስጥ ክሎራይድ ጥቂት ስለሆነ በሩ ሲከፈት ኔጌቲቭ ቻርጁን ይዞ ይገባል፤ ሴሉም ይረጋጋል። በጨቅላ ሴል ውስጥ ግን ክሎራይድ ብዙ ነው። በሩ ሲከፈት ይወጣል፤ ሴሉም ይነቃል። ነገሩን የሚገለብጠው ክሎራይድን ከሴል የሚያስወጣ ኬሲሲ2 የሚባል ፓምፕ ሲበዛ ነው። ይህን በ1999 ሄልሲንኪ ያለ ቡድን አሳየ። እውነቱን ለመናገር በሕይወት ያለ ግልገል አይጥ ላይ ሲለካ ነገሩ ይወሳሰባል። ጋባ አንዱን ሴል ቢቀሰቅስም መላውን መረብ ሊገታ ይችላል። ሁልጊዜ ያረጋጋል የሚለው ግን አይቆምም።

ደግሞ ይህ ቀስቃሽነት ለግንባታው ይጠቅማል። በ2016 በግልገል አይጦች አንጎል ላይ ተመራማሪዎች በብርሃን እየተቆጣጠሩ ጋባን በአንዲት ነጥብ ላይ ለቀቁ። እዚያው ነጥብ ላይ ጌፊሪን ተሰበሰበ። የቀስቃሽ ሲናፕስ ቡቃያዎችም በቀሉ። መግቻ የተባለው ኬሚካል በልጅነቱ ግንበኛ ነበር ማለት ነው፤ ያውም የሁለቱም።

ይህ ወደ ሐኪም ቤትም ይገባል። ፌኖባርቢታል በአራስ ሕፃናት ላይ ብዙ ጊዜ እንደተጠበቀው የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ክሎራይድ እንደሆነ ይታሰባል። የአክስቴ ልጅ፣ አትደንግጪ። የአንቺ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ይህ እሱን አይመለከትም።

ኦቲዝም። ጸሐፊው ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግተውታል። መነሻ አላቸው፤ በ2003 በስዊድን ሁለት ቤተሰቦች ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ወንድማማቾች የኒውሮሊጂን ጂኖቻቸው ላይ ለውጥ ተገኝቶባቸዋል። ግን ከሁለቱ ለውጦች አንዱ አይጥ ውስጥ ሲገባ ምን ሆነ? በ2007 በታተመው ውጤት ገቺው ሲናፕስ አልቀነሰም፤ ጨመረ። እጥረት ነው የሚለው ታሪክ እዚህ ላይ ይሰበራል። ቡሜታናይድ የሚባለው የሽንት መድኃኒት ክሎራይድን ስለሚያስተካክል ለኦቲዝም ይረዳል ተብሎ ነበር። ትልልቆቹ ሙከራዎች ጥቅም ስላላሳዩ በ2021 ቆሙ። አንድ ወላጅ ጽሑፋቸውን አንብቦ ልጄ ጋባ ጎድሎታል ብሎ ቢነሣ ተጠያቂው ማን ነው?

ካፕሱሉ ላይ ደረስን። ለዚህ ስል ነው ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት።

አንጎል ጋባን ከውጭ አይሸምትም። እዚያው ሴሉ ውስጥ ይሠራዋል። የሚሠራው ደግሞ ከግሉታሜት ነው! ጸሐፊው እንደ ጠላት ከሚያዩት ከቀስቃሹ ኬሚካል። ጋድ የተባሉ ኢንዛይሞች ግሉታሜትን ትንሽ ቆረጥ አድርገው ጋባ ያደርጉታል። ለዚህ ሥራቸው ቫይታሚን ቢ6 ያስፈልጋቸዋል። በአገራችን የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው ይህቺን ቫይታሚን ያውቃታል። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው አይሶኒያዚድ ቢ6ን ስለሚያጠፋ አብራ ትሰጣለች፤ በዋናነት የእጅና የእግር ነርቮችን ለመጠበቅ። አይሶኒያዚድ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ግን በኃይል ይንቀጠቀጣል። ጋባ መሥራት አቅቶታላ። መድኃኒቱ ያኔ በመርፌ የሚሰጥ ቢ6 ነው። ሐኪሙ ጋባ አይሰጠውም።

ለምን አይሰጠውም? ደምና አንጎልን የሚለየው አጥር ጋባን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ነው። በአፍ የተዋጠ ጋባ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል። አጥሩን አልፎ ሲናፕስ ዘንድ መድረስ ሌላ ነገር ነው።

ደረሰ እንበል። ከላይ ያየነውን አስታውሱ። ጋባ የግንባታ ምልክት የሚሆነው በአንዲት ነጥብ ላይ፣ በተወሰነ ዕድሜ፣ ርብራቡና ማጣበቂያው ባለበት ሲለቀቅ ነው። አንጎሉን በሙሉ በጋባ መንከርና ሲናፕስ መገንባት፣ ሰፈሩን በቦቴ ውሃ ማጠብና ቤት ቧንቧ ማስገባት ናቸው።

ፌኖባርቢታል ሌላ ነው። ጋባን አይተካም። አጥሩን ያልፋል፤ ከዚያ የጋባ ተቀባይ ላይ ተጣብቆ፣ ልጁ ራሱ የሠራው ጋባ የከፈተው በር ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ ያደርጋል። ያሉትን ሲናፕሶች ያግዛል እንጂ አዲስ አይሠራም። ከ1912 ጀምሮ ለሚጥል በሽታ ሲያገለግል የኖረ፣ ርካሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ የድሮ መድኃኒት ነው። ጸሐፊው «ሰው ሠራሽ ኬሚካል» እያሉ ሲያጣጥሉት የተናደድኩት ለዚህ ነው። በካፕሱሉ ውስጥ ያለው ጋባም እኮ ከፋብሪካ ነው የሚወጣው። ከሁሉም የከፋው ግን በተፈጥሯዊው መተካት ይቻላል የምትለዋ ነች። አንጎል ፌኖባርቢታልን ከለመደ በኋላ በድንገት ሲቋረጥበት የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊነሣ ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል። መድኃኒቱ ካልተስማማ ሐኪሙ ቀስ እያደረገ ይቀንሰዋል ወይም ይቀይረዋል። ወንድም ከአሜሪካ በሚልከው ጠርሙስ አይቀየርም።

ጸሐፊው ለሕዝብ በአማርኛ ስለ አንጎል ለመጻፍ መነሣታቸው ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው። የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጨረሻዋን አንቀጽ ያውርዷት፤ ዛሬውኑ። ስለ ጌፊሪንና ስለ ክሎራይዱ ሲመቻቸው ቡና እየጠጣን እንከራከራለን።